ልባችን ሲዘል፦ ስፖርት ስንሠራ የልብ ምት ለምን ይዛባል?

የዛሬው ክፍል ስለ ልብ ነው። ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ሥጋው ልብ፣ ደረታችን ውስጥ ስላለውና የጨበጥነውን ጡጫ ስለሚያህለው። ከእናንተ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ስሮጥ ወይም ኳስ ስጫወት ውዬ ማታ ጋደም ስል ልቤ አንዴ ዝልል የሚል ይመስለኛል። አደገኛ ነው ወይ? ለሐኪም ብናገር ከቡድኑ ያስወጡኛል? ጻባ ላይ ፕሮፋይሌን ያወርዱብኛል?» እዚህ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ፤ አንዱ የሕክምና፣ ሌላው የፍርሃት። ሁለቱንም እንነካለን።

እኔ ተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የማወራው ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ነው።

እሺ፣ ከመሠረቱ እንጀምር። ልብ ውስጥ፣ በላይኛው ቀኝ ክፍል ጥግ ላይ፣ ትንሽ የሴሎች ስብስብ አለች። ሐኪሞች ሳይነስ ኖድ ይሏታል፤ እኔ ከበሮ መቺዋ እላታለሁ። ሠርግ ላይ እንዳያችሁት እስክስታውን የሚመራው ከበሮውን የያዘው ሰው ነው፤ እሱ ሲያፈጥን ትከሻው ሁሉ ይፈጥናል፣ እሱ ሲያዘገይ ሁሉም ያዘግማል። ይህችም ከበሮ መቺ በራሷ የኤሌክትሪክ ምልክት ትልካለች። ምልክቱ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው ሲያልፍ መሐል ላይ እንደ በር ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ ጥቂት ዘግየት ይላል፣ ከዚያ የታችኛው ክፍል ተኮማትሮ ደሙን ይገፋል። ትር የሚለው አንዱ ምት ይሄ ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ልብ በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዳንዱ ቢስት ምን ይገርማል?

ከበሮ መቺዋን ከሁለት በኩል ይጎትቷታል። በአንድ በኩል «ፍጠኚ» የሚሏት አድሬናሊንና የሱ ነርቮች፣ በሌላ በኩል «ቀስ በይ» የሚላት ቬገስ የሚባል ነርቭ። ስንቀመጥና ስንተኛ ቬገስ ያሸንፋል፤ ስንሮጥ፣ ስንፈራ፣ ጎል ስናገባ አድሬናሊን ያሸንፋል። የአዋቂ ሰው ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል ይባላል። ስፖርተኛ ግን ሌላ ነው። ማሩ ተፈሪ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በማራቶን የዓለም ሁለተኛ ሲወጣ አይታችሁ ይሆናል፤ እንዲህ ዓይነት የረጅም ርቀት ልምምድ የሚሠራ ሰው በእረፍት ጊዜ ልቡ 45 ወይም 40 ቢመታ ብርቅ አይደለም። ሒሳቡ ቀላል ነው። የማይሠራ ሰው ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ቢገፋና 70 ጊዜ ቢመታ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ይሆናል። የሯጩ ልብ ሰፍቶ በአንድ ምት 100 ሚሊ ሊትር ከገፋ 50 ምት ይበቃዋል። ያው 5 ሊትር ነው። የስፖርተኞችን ኤካጌ ለማንበብ በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ልምምድ ባለው ሰው እስከ 30 የሚወርድ ምትን እንኳ፣ ሌላ ምልክት ከሌለው፣ እንደ ጤነኛ ይቆጥረዋል።

ልብ እንዲህ ሲዘገይ ግን ሥርዓት የሌለው የሚመስል ነገር ይመጣል። አየር ስትስቡ ይፈጥናል፣ ስታስወጡ ይዘገያል፤ ይሄ በወጣት ላይ ጤንነት ነው። መሐል ያለው በር አንዳንዴ ምልክቱን ትንሽ ትንሽ እያዘገየ ሄዶ አንዱን ጭራሽ ላያሳልፍ ይችላል፤ ይሄም በእንቅልፍ ሰዓት በሯጮች ላይ የሚታይ ነው፣ ተነስተው ሲንቀሳቀሱ ይጠፋል። ከሁሉ የሚበዛው ግን ያ «ዝልል» የምትሉት ነው። ከበሮ መቺዋ ሳትመታ ሌላ ቦታ ያለ ሴል ቀድሞ ይመታል። እሱ ራሱ ደካማ ስለሆነ አይሰማም። ከሱ በኋላ ትንሽ ዝምታ አለ፣ በዝምታው ጊዜ ልብ በደም ይሞላል፣ ቀጣዩ ምት ደግሞ ድም! ብሎ ይመጣል። እናንተ የሚሰማችሁ ዝምታውና ድምታው ነው። «ልቤ ቆመች» የሚያሰኘው ይሄ ነው፤ አልቆመችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። የሚዘል ምት መኖሩ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። የሚነግረን፣ የልብ ምት ሲፈጥን ያ ዝላይ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ወደ ሠርጉ እንመለስ። ከበሮው ቀስ ሲል ዳር የቆመ ልጅ መሐል ገብቶ አንዴ ጠብ ሊያደርግ ይችላል። ከበሮው ሲፈጥን ግን የሚገባበት ክፍተት አያገኝም። ልብም እንደዚያው ነው። ጉዳት የሌለው ትርፍ ምት ብዙውን ጊዜ ስንቀመጥና ስንተኛ ይመጣል፣ ሩጫ ስንጀምር ምቱ 120፣ 140 ሲደርስ ይጠፋል፣ ስናርፍ ይመለሳል። የልብ ቅርጽ ጤነኛ ከሆነና ቤተሰብ ውስጥ ምንም ከሌለ ሐኪሙ ይሄን ሲሰማ ትከሻው ዘና ይላል። ተቃራኒው ግን ያሳስበዋል፦ በእረፍት ጊዜ ምንም የለም፣ ሩጫው ሲጠነክር ዝላዩ ይመጣል፣ ሲጨምሩ ይጨምራል፣ ሁለት ሦስቱ ይከታተላሉ። ያኔ አድሬናሊኑ ራሱ ነው የሚቀሰቅሰው ማለት ነው።

ለዚህ ዓለም ሁሉ የሚማርበት ምሳሌ ከዚሁ ከአገራችን ነው። በሰሜን እስራኤል በዝምድና የተያያዙ የበደዊን ቤተሰቦች ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሲሮጡ ወይም ሲደነግጡ ራሳቸውን ስተው ይወድቁ ነበር፣ የሞቱም አሉ። ተኝተው ኤካጌ ሲነሱ ምንም የለም፣ ንጹሕ ነው። ሲሮጡ ግን ከታችኛው የልብ ክፍል የተዛባ ምት ይጎርፋል። በ2001 የሼባ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ካስኩ2 በሚባል ጂን ላይ አገኙት። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን የልብ ሴል ውስጥ ካልሲየምን እንደ ጎተራ ይዞ የሚያስቀምጥ ነው። ጎተራው ሲበላሽ አድሬናሊን ሲመጣ ካልሲየሙ ያፈሳል፣ ያፈሰሰውም ያለ ጊዜው ምት ይቀሰቅሳል። በሽታው ሲፒቪቲ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ምቱ መዛባት የሚጀምረው ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 130 ሲደርስ ነው። ያ ደግሞ ገና የማሟሟቂያ ሩጫ ነው። መድኃኒት አለው፤ አድሬናሊንን የሚያግዱት ቤታ ብሎከሮች ናቸው ዋናዎቹ።

ሌሎችም አሉ፣ ባጭሩ ላንሳቸው። የልብ ጡንቻ ያለ ምክንያት የሚወፍርበት በሽታ ከ500 ሰው በአንዱ ላይ ይገኛል። ረጅም ኪውቲ የሚባለው ከ2,000 ሰው በአንዱ ገደማ አለ፤ አንደኛው ዓይነቱ በተለይ በዋና ጊዜ ይቀሰቀሳል። የቀኙን ታችኛ ክፍል የሚያጠቃ ሌላ የጡንቻ በሽታ ደግሞ አለ፣ እሱን ልምምድ ራሱ ያባብሰዋል። ልብ ውስጥ አንድ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መንገድ ይዞ የሚወለድም ሰው አለ፤ ምቱ በድንገት 200 ገብቶ በድንገት ይቆማል፣ ልክ መብራት እንደማብራትና እንደማጥፋት። ይህ የመጨረሻው በብሽሽት ሥር በገባ ቀጭን ቱቦ ያንን መንገድ በማቃጠል፣ ጽሪባ በሚሉት ሕክምና፣ ከ10 ሰው በ9ኙ በላይ ይድናል። ትኩሳት ያለበት ጉንፋን ላይ ሆናችሁ አትለማመዱ የሚባለውም ዝም ብሎ አይደለም፤ ቫይረስ የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ ይችላል፣ የተቆጣ ጡንቻ ላይ አድሬናሊን ሲጨመር ምቱ ይዛባል። ኤነርጂ ድሪንክና ጫትም ልብን ያፈጥናሉ። ጫት እዚህ አገር ኪዮስክ ላይ ስለሚሸጥ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ግን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ቡናችንን ግን ተዉልኝ፤ በልኩ ከጠጣነው አብዛኛውን ሰው አይነካም።

ራስን መሳት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያምታታዋል። ሩጫውን ጨርሶ፣ መስመሩን አልፎ፣ ቆሞ እያለ የሚወድቅ ሰው አለ። እግር ሲቆም ደሙ እግር ላይ ይቀራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሰውየው ይወድቃል። በአብዛኛው ይህ ያን ያህል አያስፈራም፤ ለዚህ ነው አሠልጣኞች «አትቁሙ፣ ተራመዱ» የሚሉት። እየሮጠ እያለ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ በፊቱ ተደፍቶ የሚወድቅ ግን ሌላ ነው። ያ «ውሃ አልጠጣሁም፣ ሐምሲን ነበር» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ጊዜም ቢሆን፣ በማግስቱም ምንም ባይሰማው፣ ልቡ ሳይመረመር ወደ ሜዳ አይመለስም።

ሐንክ ጋዘርስ የሚባል አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። በታኅሣሥ 1989 በጨዋታ መሐል ወደቀ። ተመረመረ፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚመጣ የልብ ምት መዛባት ተገኘበት፣ ቤታ ብሎከር ታዘዘለት፣ ተመለሰም። መድኃኒቱ ግን ልብን ስለሚያዘገይ ጨዋታውን አከበደበት፣ መጠኑም እየተቀነሰ ሄደ። መጋቢት 4 ቀን 1990 ሜዳ ላይ ወድቆ ሞተ፤ 23 ዓመቱ ነበር። ይህን ታሪክ የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። መድኃኒቱ የሚያድነው ልብን ስላዘገየ ነው፣ ስፖርተኛው የሚጠላውም ልብን ስላዘገየ ነው። ይህን ምርጫ አንድ የ23 ዓመት ልጅ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም ነበር።

የክርስቲያን ኤሪክሰንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰኔ 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ላይ ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት ወደቀ፣ ልቡ ቆመ፣ እዚያው ሜዳ ላይ በዲፊብሪላተር ተመለሰ። ደረቱ ውስጥ መሣሪያ ተተከለለት። በጣሊያን ደንብ በዚያ መሣሪያ መጫወት ስለማይፈቀድ ከኢንተር ለቀቀ፣ በየካቲት 2022 ግን እንግሊዝ ውስጥ ለብሬንትፎርድ መጫወት ጀመረ። አንድ ዓይነት ልብ፣ ሁለት አገር፣ ሁለት መልስ።

ታዲያ ሁሉም ሰው አስቀድሞ ቢመረመር አይሻልም? እዚህ ጋ ነገሩ ይወሳሰባል፣ የእስራኤል ታሪክም እዚህ ይገባል። ጣሊያን ከ1982 ጀምሮ ተወዳዳሪ ስፖርተኛን ሁሉ በኤካጌ ትመረምራለች። በቬኔቶ ክልል በስፖርተኞች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት በዓመት ከ100,000 ሰው ከ3.6 ወደ 0.4 ወረደ ተባለ። እስራኤልም የስፖርት ሕግ በ1988 አወጣች፣ ከ1997 ጀምሮ ኤካጌና አርጎሜትሪያ ግዴታ ሆነ። በ2011 የቴል አቪቭ ሐኪሞች ከሕጉ በፊት የነበረውን አሥር ዓመትና በኋላ የመጣውን አሥር ዓመት አወዳደሩ፦ 2.54 እና 2.66። አልወረደም ማለት ነው። ጥናቱ የተሠራው ሁለት ትልልቅ ጋዜጦችን በመፈተሽ ስለሆነ ያመለጠ ሰው ይኖራል ብለው የተቹት አሉ፣ ትችቱም ቦታ አለው። ደራሲዎቹም የሚሉት አላቸው፦ ከሕጉ በፊት የነበሩትን ሁለት ዓመታት ብቻ ወስደን ቢሆን ኖሮ እኛም ልክ እንደ ጣሊያኖቹ «ሞት ወረደ» እንል ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ምርመራው ይሠራ ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ «ታኪን» ስለተጻፈ ብቻ የሰውነታችንን ምልክት መናቅ አይገባም።

ኤካጌ ስትነሱ አንድ ነገር ልብ በሉ። በጥቁር ስፖርተኞች ኤካጌ ላይ፣ ደረት ፊት ለፊት በሚነበቡት መስመሮች፣ ቲ የሚባለው ሞገድ ተገልብጦ ሊታይ ይችላል፤ ከፊቱ ያለው መስመር ከፍ ብሎ የመጣ ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ የ2017ቱ መመሪያ ይህን ከበሽታ አይቆጥረውም። ነጭ ወጣት ላይ ቢታይ ሌላ ምርመራ ያስፈልገው ነበር። ሐኪሙ ይህን ካላገናዘበ ልጁ ያለ ምክንያት ወራት ከሜዳ ሊርቅ ይችላል። ሲነገራችሁ አትደንግጡ፣ «የስፖርተኛ ኤካጌ የሚያነብ ካርዲዮሎግ ይየው» በሉ።

አሁን ወደ ፎርሙ። ጂም ስንመዘገብ፣ ቡድን ስንገባ፣ የጤና መግለጫ ይሰጡናል። ጥያቄው ተደርድሯል፦ ደረትህን ያምሃል? ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ከቅርብ ዘመድህ በልብ በሽታ ወይም በድንገት የሞተ አለ? እኛም በአንድ ትንፋሽ ሎ፣ ሎ፣ ሎ ብለን እንፈርማለን። የመጨረሻውን ጥያቄ ግን በእውነት መልሱን እናውቀዋለን? እዚህ ለተወለድን ልጆች ዘመድ ማለት እዚህ ያለው ነው። እዚያ የቀረውን፣ ከእኛ በፊት የሞተውን፣ የምታውቀው አያታችን ናት። እሷም የምታውቀው በአማርኛ ነው።

የቤተሰብ ታሪክ ከማንኛውም ማሽን የማያንስ ምርመራ ነው። ችግሩ ቃሉ ነው። ማንም አያት «የልብ ምት መዛባት» አትልም። የምትለው ሌላ ነው። «የሚጥል በሽታ ነበረበት፣ ሲሮጥ ይጥለው ነበር» ልትል ትችላለች፤ ረጅም ኪውቲና ሲፒቪቲ የሚጥል በሽታ ተብለው ብዙ ጊዜ ተሳስተዋል። «ወንዝ ወሰደው፣ ዋና ግን ያውቅ ነበር» ልትል ትችላለች። «ውጋት ያዘውና እዚያው ቀረ» ልትል ትችላለች። «ሌሊት በደህና ተኛ፣ ጠዋት አልነቃም» ልትል ትችላለች። እነዚህ ሁሉ ሌላ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። ሟቹ ከ40 ዓመት በታች ከነበረ፣ በተለይም ከአንድ በላይ ከሆነ፣ ለካርዲዮሎጉ በቃሉ ልክ ተርጉማችሁ ንገሩት። «ሎ ያዱአ» አትበሉ።

አጠያየቁም ሥርዓት አለው። በቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ፣ ቡናው ሲፈላ ይሁን። «እማማ፣ ከዘመዶቻችን በልጅነቱ ወይም በጎልማሳነቱ፣ ሳይታመም፣ ድንገት ያረፈ ሰው ያስታውሳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ቤት ይህ ጥያቄ ቀጥታ ወደ ሱዳን ይወስዳል። በመንገድና በመጠለያው በረሃብና በወረርሽኝ ያለቀው ወገን ብዙ ነው፤ እሱን መንካት ቁስል መንካት ነው። ከዚያ ጀምራ ካለቀሰች አታቋርጧት፣ ወረቀቱንም አስቀምጡት። ሌላ ቀን ትመለሱበታላችሁ።

ስለ ሰዓቱም ቃል ልበል። የእጅ ሰዓት ምትን የሚያነበው በቆዳ ላይ ብርሃን እያበራ ነው። ስትሮጡ ሲወዛወዝ የእርምጃችሁን ብዛት እንደ ልብ ምት ሊቆጥረው ይችላል። በደቂቃ 170 እርምጃ የምትሮጥ ልጅ ልቧ 140 ሆኖ ሰዓቷ 170 ቢያሳያት ብርቅ አይደለም። አንድ ቁጥር ዘሎ ካያችሁ ቆም በሉ፣ ሁለት ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጉ፣ ለ30 ሰኮንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙ። «ከ220 ዕድሜን ቀንስ» የሚለውም ግምት ነው፤ የ20 ዓመት ልጅ ጣሪያው 200 ይባላል፣ እውነተኛው ከዚያ በ10 ወይም ከዚያም በላይ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። ምልክት ሲሰማችሁ በሰዓቱ ኤካጌ ማንሳት ከቻላችሁ ግን አንሱት፤ ያቺ የ30 ሰኮንድ መስመር ከብዙ ወሬ ትሻላለች።

ፕሮፋይልን በተመለከተ፣ የሚፈሩትን ልጆች እረዳለሁ። ለጊቡሽ አንድ ዓመት የተለማመደ ልጅ ስለ ዝላይ ምት አይናገርም። ግን ቅደም ተከተሉን እዩት። ብዙው ዝላይ ጉዳት የሌለው ነው፤ ሆልተርና አርጎሜትሪያ ቀድሞ የሠራ ሰው ያንን የሚያሳይ ወረቀት በእጁ ይዞ ይገባል። በጽሪባ የሚድነው ድኖ ይመለሳል። የቀረው ጥቂቱ ደግሞ በሙሉ ትጥቅ፣ በሙቀት፣ ያለ እንቅልፍ፣ ከአምቡላንስ ርቆ መገኘት የሌለበት ነው። ወንድሜ ቢሆን እጁን ይዤ ኩፓት ሖሊም እወስደው ነበር።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ልቤን አመመኝ» ብቻ አትበሉ። በእረፍት ነው ወይስ በሩጫ? ሩጫው ሲጨምር ይጠፋል ወይስ ይብሳል? በድንገት ይጀምራል ወይስ ቀስ እያለ? ስንት ደቂቃ ይቆያል? ማዞር ወይም መውደቅ ነበረበት? ይህን በስልካችሁ ጻፉት። ከወላጅ ጋር ለመተርጎም ስትሄዱም ተጠንቀቁ፦ በአማርኛ «ልቤን አቃጠለኝ» ጨጓራ ሊሆን ይችላል፣ «ልቤ ፈራ» ደግሞ ጭንቀት። ሳትተረጉሙ በፊት «እጅዎን የት ያደርጉታል?» ብላችሁ አሳዩኝ በሉ።

የመጨረሻው፣ ሜዳ ላይ ሰው ከወደቀና ካልመለሰ፣ ትንፋሹም ልክ ካልሆነ። ወዲያው 101 ማዳ ደውሉ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጉት። ደረቱ መሐል ላይ በሁለት እጅ ተጫኑ፤ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሌላ ሰው ዲፊብሪላተር ይሩጥና ያምጣ። ከ2008 ጀምሮ በሕዝብ ቦታዎች እንዲኖር የሚያዝ ሕግ አለ፣ ብዙ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መሣሪያው ራሱ በድምፅ ይመራችኋል፣ ማይገባውን ሰው አይመታም። በእያንዳንዱ ያለፈ ደቂቃ የመዳን ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ሰውየው መጀመሪያ ሲወድቅ ቢንቀጠቀጥ ወይም ቢያጣጥር «የሚጥል ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ልብ ሲቆምም እንዲሁ ይሆናል። በሚቀጥለው ልምምዳችሁ ዕለት ገና ጫማ ሳታስሩ አሠልጣኙን «ዲፊብሪላተሩ የት ነው? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

በሉ፣ ሰላም ሁኑ።